ሲረጥብ የሚታየው መንገድ

ዛሬ ቆቦ ገበያ ላይ እህቴ መዲና አሳፈረችኝ። ነጋዴው ጨርቅ ላይ ከደረደራቸው የአቂቅ ድንጋይ ቀለበቶች አንዱን አነሣችና ድንጋዩን ላሰችው!

«ኧረ ልጅቱ፣ ከረሜላ መሰለሽ እንዴ?» አለ ሰውየው።

«መስመሩን ልይ ብዬ ነው» አለችው፣ ምንም ሳታፍር።

ከት ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ያ የረሃብ መንገድ ትዝ አለኝ።

በረሃቡ ዓመት እኔ ዐሥራ ሁለት፣ እሷ አምስት ዓመታችን ነበር። ማሽላው በአገዳው ደርቆ፣ አባታችንን ከቀበርን በሳምንቱ ከመንደራችን ወጣን። ቆቦ እህል ይታደላል ተብሎ ነበር። እማ ታናሽ ወንድማችንን አዝላ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ጥሙ እንዳይበረታብን ከደረቀው ወንዝ ጠጠር ለቅማ በየአፋችን ሰጠችን። የእኔን ሳወጣው ያ አቧራማ ድንጋይ ቀይ፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ መስመር በመስመር ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ሰማይ የመሰለ ቀጭን ክር አለው። ሲደርቅ ይጠፋል፣ ሲረጥብ ይመለሳል። ሳወጣና ሳስገባ የመጀመሪያዋን ከተማ ጎብዬን አለፍን።

ሮቢት ሳንደርስ መዲና መንገድ ዳር ተቀመጠች። እዚያ መንገድ ላይ ከተቀመጡት የተነሣ ሰው አላየሁም ነበር።

«እማ፣ አልነሣም አለች!»

እማ ዞረች። ጀርባዋ ላይ ያለውን በእጇ ነካ አደረገች፣ መዲናን አየች። ሁለት መሸከም እንደማትችል አወቅሁ።

«አንቺ አናግሪያት፣ ዘሐራ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ድንጋዩን አወጣሁ። «እይ፣ ቀዩ ጎብዬ ነው፣ አልፈነዋል። ነጩ ሮቢት፣ ቡናማው ቆቦ።»

«የታለ? ድንጋይ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ደርቋል። ልልሰው ብል ምራቅ የለኝም። የራሷን ጠጠር ከጣለችው ቆይታለች፤ የእኔን አፏ ውስጥ ከተትኩት። ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጠበቅሁ። ቆይታ መዳፏ ላይ ተፋችው። መስመሮቹ ወጡ።

«ነጩ ሩቅ ነው?»

«ያውልሽ፣ ዛፎቹ ጋ።»

ድንጋዩን መልሳ አፏ ውስጥ ከታ ተነሣች።

አራታችንም ቆቦ ገባን። አጥሚት የምታድለው ሴት ጣሳውን ብታቀርብላት ግን መዲና አፏን አልከፍትም አለች።

«ትፊው የኔ እናት፣ ድንጋይ አይበላም!»

«አንድ መስመር ቀርቷል፣ ሰማዩ» አለች፣ ድንጋዩን አፏ ውስጥ እንደያዘች።

«እሱ የቤታችን መመለሻ ነው፤ እኔ እይዝልሻለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ተፋችልኝ።

አልተመለስንም። ድንጋዩ እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ ነው። ከገበያ እንደገባን መዲና አውጥታ ላሰችውና ብርሃን ላይ ያዘችው።

«እታለም፣ የመጨረሻዋን መስመር መቼ ነው የምንሄዳት?»

እማ ሰማችን። «ነገ በጠዋት ነው መውጣት፤ ፀሐዩ ሳይበረታ የአባታችሁ መቃብር ጋ እንድንደርስ» አለች።

ገና አልመሸም። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ጫማዬን አድርጌ ነው።