የእንጅባራው ባቡር

ይኸነው ከድሬዳዋ ወዲያ ባለው በረሃ ሃያ ስድስት ዓመት ሀዲድ ሲጠግን ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሀዲድ የሚባል ነገር ወደሌለበት አገሩ ወደ እንጅባራ ተመለሰ። ብልኅ ሰው ሙያው የሚፈለግበትን አገር ይመርጣል፤ እሱ ግን ሚስቱን ምህረቴን መረጠ።

በገባ በሳምንቱ መከራው ጀመረ። «ባቡር ላይ ነበርሁ» ሲል የሰማው ሁሉ «ታዲያ ዱቄቱ ሳንባዎን አልጎዳዎትም?» ይለዋል። በእኛ አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነዋ! ጎረቤቱ ይታይሽማ ከአስፋልቱ ማዶ ያላት ወፍጮ ቢንገጫገጭባት «ባለሙያ ደጃችን ተቀምጦ!» ብላ ጎትታ ወሰደችው። ስለ ሀዲድ ብሎን ግማሽ ቀን አስረዳት። በትዕግሥት ሰምታው ስታበቃ «እና ቺንጋው ነው የላላው?» አለችው።

ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው አስፋልቱ ነው። የምህረቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። እህሏን አዝላ ወደ ወፍጮው ስትሻገር መኪና መምጣቱን የምታውቀው በድምፁ ነው፤ እሱም አጠገቧ ከደረሰ በኋላ። «ይዤሽ ልሻገር» ሲላት «ዕውር ነኝ እንዴ?» ትለዋለች። ለክርክር ሲሆን ዓይኗ ፍጹም ጤነኛ ነው። እሱ ግን በሄደች ቁጥር እስክትመለስ ድረስ ነፍስ የለውም።

በመጨረሻ በሙያው መጣ። በረሃ ላይ እነሱ ብሎን ሲያጠብቁ አንዱ ቀይ ጨርቅ ይዞ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ያን ሁሉ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ጨርቁን ሲያይ ቀጥ ይላል። እንጅባራ ላይ ግን ቀይ ጨርቅ ይዞ አስፋልቱ ዳር ቢቆም ሦስት እግር ያለው ባጃጅ እንኳ አልቆመለትም። ባለባጃጁ ምንይችል «ጋሼ፣ ጉግስ አለ እንዴ?» ብሎት አለፈ። ከጫግኒ የሚመጡት አይሱዙዎች ደግሞ ጡሩምባ ነፍተው አመሰገኑት።

ጨርቅ ካልሠራ ወረቀት ይሠራል ብሎ ማመልከቻ ጻፈ፦ «ባቡሩ ፊት ለፊት መኪና የሚያስቆም ምልክት ይተከልልን።» ሰው እንዲረዳው ብሎ ጥርሱን ነክሶ ነው ወፍጮውን ባቡር ያለው። ጉዳዩ ተጠና፣ ተገመገመ፣ ኮሚቴ ተዋቀረለት፤ ለአንድ የብረት ቋሚ ይህ ሲያንሰው ነው። በአምስተኛው ወር ታፔላው ተተከለ፦ «ባቡር አለ! ቁም!»

ይኸነው አንብቦ ሊያብድ ደረሰ። ሹፌሮቹ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ማስታወቂያ አይተው አያውቁም። ባቡር ካለ አስፈጪ አለ፤ አስፈጪ ካለ የሚጫን ጆንያ አለ። በማግስቱ ባጃጁም ሚኒባሱም ታፔላው ሥር ግጥም ብሎ ቆመ። ከኋላ የመጣው አይሱዙም ማለፊያ አጥቶ ቆመ።

ምህረቴ እህሏን አዝላ መጣች፤ ይኸነውም እጇን ሳይዝ አብሯት ነበር። ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ሞተሩ ሁሉ ይንደቀደቃል፣ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። መሐል አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ።

«ይኸነው፣ ለእኔ ብለው ነው የቆሙት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ባቡር ምን እንደሆነ፣ ወፍጮ ምን እንደሆነ ለይቶ ያስረዳ ነበር። አሁን ግን ታፔላውን ቀና ብሎ አየው።

«ላንቺ ነው» አላት።

«ዕድሜ ይስጣችሁ ልጆቼ!» ብላ ወደ ባጃጆቹ እጅ ነሣች። ምንይችል «እማማ፣ ያስጭናሉ?» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። የይኸነውን ዓይን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ማዶ እስክትደርስም ሞተሩን አጠፋ።