እትዬ ዘነቡ ዋስ የሆኑኝ ጊዜ

የጎረቤቴ ልጅ ሂሩት ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ፊቷን አቅልቶት ገባችና ደጃፌ ላይ ካለው ዱካ ላይ ዘፍ አለች። ሥራ እናገናኛለን ከሚሉት ቢሮዎች አንዱ ጋ ከተመዘገበች ሦስት ወሯ ነው። በዚያን ቀን ወደ አንድ መጋዘን ልከዋት ኖሯል። ባለቤቱ ዐረብኛ ትጽፋለች ተብሎ ስለተነገረው፣ ደብዳቤ አውጥቶ ከፊቷ ዘረጋላት። ሂሩት ደግሞ ዐረብኛ የምታውቀው በጆሮዋ ነው፣ ያውም ገበያ ውስጥ የሰማችውን ያህል። ተመልሳ ብትጠይቅ፣ የእኛ ሥራ ማገናኘት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የራስሽ ነው አሏት። ውሃ ሰጠኋት። በእርስዎ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል እማማ ስትለኝ፣ ሳልፈልግ ሳቄ መጣ።

እኔ የመቱ ልጅ ነኝ። አባቴ ከመንዝ ከጦሩ ጋር ወርዶ እዚያው የቀረ ወታደር ነበር፤ የሞተው እኔ በቅጡ ሳላውቀው ነው። እናቴ ጥጥ እየፈተለች አሳደገችኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው፣ በግንቦት ወር ወባ ጣላት። የኢሉባቦር ክረምት እንደ ሌላው አገር ክረምት አይደለም። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እኛ ጋ ጭቃው ጉልበት ደርሷል፤ ሌላው አገር መስቀልን በፀሐይ ሲያከብር እኛ ገና ጋቢያችንን እሳት ዳር እናደርቃለን። ጎተራችን ተሟጦ ነበር፤ ያ ሁሉ ዝናብ እስኪያልፍ የሚያደርሰን እህል አልነበረንም። ስለዚህ ጎሬ ወጥቼ ቀለብ ከሚሰፍር ትልቅ ቤት መግባት ነበረብኝ፣ ቀለቤን ለእናቴ እንድልክላት።

ከመነሣቴ በፊት ተሳልኩ። እናቴ እስክትነሣ ድረስ የጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህልም ውሃም በአፌ ላይዞር ቃል ገባሁ። ከዚያ አንድ የበቆሎ ቂጣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ የሶርን ወንዝ ተሻግሬ፣ በቡናው ጥላ ውስጥ እየተንሸራተትኩ ዳገቱን ወጣሁ። ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነበር። ቅጠሉ ላይ የቆየው ዝናብ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደገና ይዘንብብኛል።

ጎሬ ያን ጊዜ የሹማምንትና የነጋዴ ከተማ ናት። ሥራ ሞልቷል፤ ግን ዋስ የሌለው ሰው አጥር አያልፍም። ዋስ ማለት፣ ይህች ልጅ አንድ ነገር ብታደርግ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ የሚል ሰው ነው። አገሬው ውስጥ ዘመድ ለሌላት ለእኔ ቢጤ፣ ዋስ የሚያበጁት እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ገበያው ዳር ካለችው ዋንዛ ሥር ይቀመጣሉ። የማን ቤት ሠራተኛ ከማን ጋር ተጣልታ እንደወጣች፣ ወጪዋ ገና እቃዋን ሳትሸክፍ ያውቃሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሳቸው ማር። እኔንም ቤታቸው አሳደሩኝ፤ ጠዋት ቁርስ ሲያቀርቡልኝ እምቢ ስላቸው ስለቴን ነገርኳቸው። ይበል ብለው ድርሻዬን ራሳቸው በሉት።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ቤት ጠጅ ጣይ ይፈልግ ነበር። እትዬ ዘነቡ ጠጅ ከእሷ በላይ የሚጥል መቱ ላይ የለም ብለው ማሉ። የቤቱ ሰዎች ጌሾውን አምጥተው ስንቱን ልጨምርልሽ ሲሉኝ፣ እንጃ አልኩ፤ በዚያው ወጣሁ። ሁለተኛው ቤት የሴትዮዋ ጭንቀት ሌላ ነው። የቤታቸው ወሬ ገበያ እየወጣ አስቸግሯቸው፣ ኦሮምኛ የማታውቅ ልጅ ነው የሚሹት። እትዬ ዘነቡ አንዲት ቃል አይገባትም አሉ። መቱ ተወልዳ ኦሮምኛ የማታውቅ ልጅ ከየት ትምጣ? በማግስቱ እንጨት የምትሸጥ አሮጊት ደጅ መጥታ "አከም ቡልቴ?" እንዴት አደርሽ ብትለኝ፣ አፌ እንደለመደው መለሰላት። ስለ ልጆቿ ጠይቄ፣ ስለ ጊደሯ ጠይቄ ቀና ስል እመቤቲቱ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ሁለተኛ ሌሊት እዚያ አላደርኩም።

ሦስተኛው የአንድ ቀኛዝማች ቤት ነበር። ቀኛዝማች ከአንድ ድግስ ተመልሰው ሆዳቸውን ከታመሙ ወር አልፏቸዋል። አንድ ነገር አጠጥተዋቸው ነው የሚል ወሬ ስለገባባቸው ማንንም አያምኑም። እትዬ ዘነቡ መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፤

"እንደ አንቺ ያለ ጾመኛ ቤት ነው ያገኘሁልሽ። ገዳም በይው።"

ደስ እያለኝ ገባሁ። ዋሷ ማን ነው ሲባል እትዬ ዘነቡ ደረታቸውን መትተው እኔ ነኝ አሉ።

የሰኔ ጾም ተይዞ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከአጃ ዱቄትና ከማር የተሠራ አጥሚት በዋንጫ ይዤ ቀኛዝማች ካሉበት ክፍል ገባሁ። እሳቸው ስለታመሙ የነፍስ አባታቸው ሰዓቱን ፈትተውላቸዋል። ለማያውቅ ልንገር፣ በዚያ ዘመን በትልቅ ቤት የሚያቀርብ ሰው ጌታው ከመጠጣቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ በፊቱ ይቀምሳል፤ ነገር የለበትም ለማለት ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለው ሥራ በማለዳ በእኔ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም።

ቀኛዝማች በዓይናቸው መዳፌን ጠበቁ። እኔ ዋንጫውን ዘረጋሁ።

"ቅመሺ" አሉ።

"ጾም ነኝ፣ ጌታዬ።"

ዋንጫውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ባለቤታቸውን እሜቴን ጠሩ። እሜቴ ገብተው ነገሩን ሲሰሙ ድምፃቸው ቀዘቀዘ።

"ደላላዋ ይቺ ልጅ ጾም የምትባል ነገር አታውቅም፣ ሲነጋ ብሉ ካሏት ትበላለች አለችን። ለዚሁ ብለን ነው የወሰድንሽ። ዛሬ ቅመሺ ስትባዪ ነው ጾመኛ የሆንሽ?"

ብቀምስ አንድ ጉንጭ ናት፣ ነገሩ ያልቃል። ግን እናቴ መቱ ላይ በትኩሳት ስትቃዥ ታየችኝና መዳፌ አልዘረጋ አለ። ባልቀምስ ደግሞ መርዘኛ ተብዬ መታሰሬ ነው። እንኳን ቀለብ ልልክ፣ እናቴ ሬሳዬን የምታገኝ አልመሰለኝም። ዘበኛው በር ላይ ቆመ። ዋሷ ትጠራ ተባለ።

እትዬ ዘነቡ እስኪመጡ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። በልቤ፣ ሰምተው ሸሽተዋል፣ አላውቃትም ብለዋል እል ነበር። መጡ። ጭቃው እስከ ባታቸው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። እሜቴ ሌላ ነገር ሳይናገሩ አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው።

"ይቺ ልጅ ጾመኛ ናት ወይስ አይደለችም?"

እትዬ ዘነቡ እኔን አዩ፣ እሜቴን አዩ፣ መሬት ላይ ያለውን ዋንጫ አዩ። ከዚያ በትሕትና እጅ ነሡና፣

"እናንተ የትኛዪቱን ፈለጋችሁ?" አሉ።

ከአልጋው በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ስቃይ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀኛዝማች እየሳቁ ነበር። ሆዳቸውን ይዘው፣ እያመማቸው፣ ይስቃሉ። እሜቴ ጥቂት ተቆጡና እሳቸውም ሸማቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም። እኔ እያየሁ ተንበርክከው እውነቱን ተናገሩ፤ ልጅቷ ለእናቷ ተስላለች፣ ቤቴ ካደረች ጀምሮ ከዘጠኝ በፊት ውሃ ስትጠጣ አላየሁም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የምታስሩ ከሆነ ዋሷ እኔ ነኝ አሉ።

ቀኛዝማች ዓይናቸውን ጠረጉ። ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ ዋንጫው ተከድኖ እዚያው ይቀመጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትጠጣዋለች።

ተቀመጥን። እኔ፣ እትዬ ዘነቡና ዋንጫው። ጎሬ በሰኔ ፀሐይ የላትም፣ ጥላ ለክቶ ሰዓት ማወቅ አይቻልም፤ የምንጠብቀው ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴውን መውጫ ደወል ነው። ዝናቡ ሣር ክዳኑ ላይ ይወርዳል። የማሩ ሽታ ከክዳኑ ሥር ያመልጣል፣ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። እትዬ ዘነቡ በጆሮዬ፣ "የእኔ እናት፣ እንደው ምንም የለበትም አይደል?" ብለው ሹክ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው መሸበራቸው የገባኝ። ዋስ ሆነው እስከ አንገታቸው ገብተዋል፣ ይጠራጠራሉም፣ ግን አልተነሡም።

ደወሉ ተሰማ። አማትቤ ዋንጫውን አነሣሁ። አንድ ጉንጭ ልቀምስ ነበር አሳቤ፤ ቀዝቅዟል፣ ረግቷል፣ ግን ማር ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ሆድ ነኝ። ሳላስበው ጨረስኩት። ቀኛዝማች ባዶውን ዋንጫ አይተው፣ "እኛስ? ለእኛ አልተረፈም?" አሉ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ቆየሁ። ጠዋት ሌላ ሰው ይቀምስ ነበር፣ ከዘጠኝ በኋላ እኔ። ቀለቡ በየወሩ በአህያ መቱ ይወርዳል፤ እናቴ ለመስቀል ደመራውን ቆማ አየች፣ እኔ ግን ስለቴ ካበቃም በኋላ ጾሙን አልተውኩም። የነፍስ አባቴ በኋላ ነገሩን ስነግራቸው፣ ሰው ከሚሸበር ብትቀምሺ እግዚአብሔር አይቀየምሽም ነበር ብለውኛል። እውነታቸውን ይሆናል። ያን ቀን እምቢ ያለው እምነቴ ይሁን ግትርነቴ፣ ለይቼ መናገር አልችልም።

እትዬ ዘነቡን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውሸታም ስል ቆይቻለሁ፤ ነበሩም። ሂሩት የነገረችኝን ካሰላሰልኩ በኋላ ግን ሌላው ወገናቸው በለጠብኝ። ሲጠሩ መጥተዋል።

አሁን ሐኪሙ ኪኒን አዞልኝ በባዶ ሆድ አይሆንም ብሏል፤ የዛሬው የነፍስ አባቴም ከጾሙ ፈትተውኛል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዳቦዬን ቆርሼ፣ በመዳፌ ይዤ ጥቂት አየሁትና፣ ማንም ቅመሺ ሳይለኝ በላሁት።