በካዛንቺስ ፈረንሳዊት የሆንኩባቸው ሁለት ወራት

ከጅቡቲ የተነሳሁት በመስከረም መጨረሻ ነው፤ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ካርቶን መጻሕፍት ይዤ። ጉዞዬ አዲስ አበባ ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ፈረንሳይኛ ላስተምር ነበር። ነጅሚያ እባላለሁ። ጅቡቲ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት በመምህርነት ሠርቻለሁ። አባቴ ከስልጤ ወጥቶ እዚያ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ እናቴ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ፓስፖርቴ ግን የጅቡቲ ነው፤ አዲስ አበባን ከዚያ በፊት በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር። አባቴ በየጊዜው «አገራችን» እያለ የሚያወራላትን ከተማ ኖሬባት ልያት ብዬ ነው ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ የወጣሁት።

ከናጋድ እስከ ለቡ

ባቡሩ ከጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ሲነሳ ገና በጠዋቱ ሙቀቱ ያንቃል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ከድሬዳዋ የሚመላለሱ የልብስ ነጋዴ ነበሩ፤ ሳምቡሳ ከዘንቢላቸው አውጥተው ግማሹን በግድ አስበሉኝ። ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው፣ «አዲስ አበባማ ለተማረ ሰው ክብር አላት፤ አይዞሽ» አሉኝ። ድሬዳዋ ወረዱ። ከአዋሽ በኋላ ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ በመስኮት የሚገባው አየር ተለወጠ፤ አዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ ስንደርስ እግሬ በነጠላ ጫማ ውስጥ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። የታክሲ ሾፌሩ ካርቶኔን ሲጭን፣ «ከየት ነው እህቴ፣ ከሐረር?» አለኝ። ከጅቡቲ ስለው በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝና ከተስማማንበት በላይ ጠየቀኝ። መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው። በኋላ ላይ እንዲህ ያለው ነገር አላስቀኝም።

ቂርቆስ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ቤት የፈለገልኝ ቢኒ የሚባል ደላላ ነበር። ቂርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ በስተጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል አሳየኝ። ክፍሏ ጠባብ ብትሆንም ፀሐይ ታገኛለች፤ ወደድኳት። ፓስፖርቴን ሲያይ ግን ቢኒ ድምፁን ቀየረ።

«እህቴ፣ ማለቴ፣ አንቺ የውጭ ዜጋ ነሽ። ለውጭ ዜጋ ኪራዩ በዶላር ነው።»

«አማርኛ እያወራሁህ?»

«አማርኛሽማ በቃ አሪፍ ነው። ፓስፖርቱ ነው እንጂ።»

ደሜ ፈላ። የባቡሩን ድካም፣ የታክሲውን ነገር፣ ሁሉንም እሱ ላይ ላወርደው ስል፣ የግቢው ባለቤት እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ቤቱ የእኔ ነው። ዶላሩ የማን ነው?»

«እትዬ፣ ለእርስዎ አስቤ እኮ ነው።»

«ለእኔ አታስብልኝ። አንቺ ልጅ፣ በብር ነው፤ ግቢ።»

እንዲህ ነው ቂርቆስ የገባሁት። ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን መሆኑን፣ በርሜሉን መሙላት የሁሉም ተከራይ ጉዳይ መሆኑን፣ ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ጥሩ ፉል እንደሚሠራ ከእትዬ አስካለ ተማርኩ። ስለ እኔ ለጎረቤት ሲናገሩ «የጅቡቲዋ መምህርት» ይሉኝ ነበር። ስሙን ወደድኩት፤ እውነት ስለሆነ።

ካዛንቺስ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ትምህርት ቤቱ ከአንድ ባንክ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቂርቆስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ቤቶች በፈረሱበት በኩል በቆርቆሮ አጥር ጥግ ጥጉን። የመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ስወጣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አየሁ። ፀጉሯ እንደ ገብስ ነዶ ወርቃማ የሆነ ነጭ ሴት መጽሐፍ ይዛ ትስቃለች። ከሥሩ «ፈረንሳይኛ ከትክክለኛ ፈረንሳዊት መምህርት! ማዳም ናጂ» ይላል። ሌላ የፈረንሳይኛ መምህርት ያለች መስሎኝ ነበር። ባለቤቱ አቶ ዮሴፍ ቢሮ ስገባ ነው ናጂ እኔ እንደሆንኩ የገባኝ።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ ከወንበራቸው ተነስተው። ሱፍ የለበሱ፣ ትሁት ሰው ናቸው፤ ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ ፊቴን አጠኑት። «በስልክ ስናወራ ፈረንሳይኛዎ ልክ እንደ ፓሪስ ነበር። መልክዎ ግን… እንዴት ልበልዎት፣ የእኛው ነው።»

«የእናንተው ነኝ እኮ። ከጅቡቲ እንደምመጣ በማመልከቻዬ ላይ ጽፌያለሁ።»

«ጅቡቲማ ጎረቤት ነው። ከጎረቤት አገር በመጣ መምህር ለመማር ሰው የሚመዘገብ ይመስልዎታል?» አሉና እጃቸውን አጣመሩ። «ሁለት ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። ተማሪዎቹ ፊት አማርኛ እንዳይናገሩ። ቤተሰብዎ ደግሞ ከሞሮኮ ሄዶ ፈረንሳይ የኖረ ነው እንላለን። ሻሹንም ቢያወልቁት…»

«ሻሹን አላወልቅም።»

«እሺ፣ እሺ። ሞሮኮም ይሸፍናሉ።»

አንባቢዬ፣ እዚያው ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ለዓመቱ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ለቤተሰቤ በኩራት ተናግሬያለሁ፤ ወደ ጅቡቲ በሁለተኛው ሳምንት ለመመለስ አፈርኩ። ራሴንም አታለልኩ፤ ጥሩ የቋንቋ መምህር ክፍል ውስጥ በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ ይናገራል አይደል? ይህ ዘዴ ነው እንጂ ውሸት አይደለም አልኩ። ለደላላው የውጭ ዜጋ ነኝ፤ ለአቶ ዮሴፍ ደግሞ የውጭነቴ አይበቃም። ብስጭቴን ዋጥ አድርጌ ክፍል ገባሁ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ተማሪዎቼ ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ከሥራ ሲወጡ የሚመጡ። የደምበል ሱቅ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ሁለት ነርሶች። ማዳም ይሉኛል። እኔ የማልሰማ መስሏቸው በአማርኛ የሚያወሩት ነገር ደግሞ ጉድ ነበር።

«ቁርጥ አበሻ ትመስላለች እኮ!»

«ሞሮኮዎች እንደዚህ ናቸው። ጎረቤታችን ሞሮኳዊት አግብቷል፤ ቁርጥ ሚስቱን ነው የምትመስለው።»

«ጫማዋን አየሽው? ፈረንሳይ ሆና ይህን ትገዛለች?»

ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርና ከንፈሬን እነክሳለሁ። ጥናታቸው ግን ያኮራ ነበር። ከሁሉም የምትበልጠው ሒሩት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከእናቷና ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ አውጥቶ፣ ለፈረንሳይኛ የቃል ፈተና ተጠርታለች። ሁልጊዜ ቀድማ ትመጣለች፣ መክሰሷን በባዶ ክፍል ውስጥ እየበላች የተማረችውን ጮክ ብላ ትደግማለች። ዕድሜን መናገር ነበር መጀመሪያ ያስቸገራት። ፈረንሳይኛ «ሠላሳ አንድ ዓመት ነኝ» አይልም፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት አለኝ» ነው የሚለው። ሦስት ቀን ፈጅቶ ገባት፤ ሲገባት ጠረጴዛውን በደስታ መታችው።

በኅዳር አጋማሽ አቶ ዮሴፍ ጠሩኝ። ከጎናቸው ጀርባው ላይ ቦርሳ የተሸከመ ቀይ ፂማም ወጣት ቆሟል። ቶማስ ይባላል፤ አገር ጎብኚ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ነው የመጣው።

«ተማሪዎች ነጭ መምህር ይጠይቃሉ፤ ምን ላድርግ» አሉ አቶ ዮሴፍ። «ከዛሬ ጀምሮ ዋናው መምህር እሱ ነው። እርስዎ ደብተር ያርማሉ።»

ቶማስን መተላለፊያው ላይ ያዝኩት። ፈረንሳይኛ የት እንደተማረ ስጠይቀው ቀላ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ሁለት ዓመት። ዝም ብለህ አዋራቸው ነው ያሉኝ» አለ። እሱን እንኳ መጥላት አቃተኝ። ለመኝታና ለምግብ ብሎ የገባ ልጅ ነው። የተናደድኩት ዐሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩበትን ነገር ለፂም ቀለም በሸጡት ሰውዬ ነው።

ያ ማክሰኞ

ሒሩት ፈተናዋ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀራት ክፍል ውስጥ ልምምድ ተደረገ። ቶማስ ጠያቂ ሆነ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። ሒሩት ስሟን፣ ሥራዋን አስተካክላ ተናገረች። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ሠላሳ አንድ ዓመት አለኝ» አለች፣ በትክክለኛው ፈረንሳይኛ።

ቶማስ ራሱን ነቀነቀና እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጦ አረማት። «ሠላሳ አንድ ነኝ።»

ሒሩት ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ እሱ። ደብተሯን ገለጠችና ሦስት ቀን የለፋችበትን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

«ሒሩት፣ አትሰርዢው!» አልኩ። «ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ!»

በአማርኛ። የደምበሉ ነጋዴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጫማዬን ያማችው ነርስ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

«አማርኛ… ይችላሉ?» አለች ሒሩት።

«እቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ከጅቡቲ ነው የመጣሁት። ሞሮኮን አላውቃትም።»

አመሰግናለሁ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ሒሩት ግን ተነሳች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሁለት ወር ሙሉ ግራ ስንጋባ፣ በአማርኛ አንድ ቃል ቢነግሩን የሚገባንን ነገር ሳይገባን ስናድር፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይሰሙን ነበር? እኔ ልጄን ለእናቴ ጥዬ ነው የምመጣው፣ ማዳም። ማንን ልመን?»

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

አቶ ዮሴፍ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ያሉኝ ሰውዬ ተማሪዎቹ ፊት፣ «አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ስምምነታችንን አፈረስሽ እኮ!» አሉኝ።

«ያፈረስኩት ውሸታችንን ነው» አልኳቸው። ደብተሮቹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ደረጃውን ወረድኩ። ማስታወቂያውን ልቀደው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ አልተቀደደም።

ጎተራ፣ አራተኛ ፎቅ

ቁጣዬ ቂርቆስ እስክደርስ አልበረደም። ግን መንገዱን ስጨርስ ቁጣው አቶ ዮሴፍን ትቶ እኔ ላይ ዞሮ ነበር። ማታውን ለእትዬ አስካለ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «ልጅቷ ቤት ሂጂ» አሉኝ። «ይቅርታ በስልክ አይባልም።»

በማግሥቱ ጎተራ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት የሒሩት እናት ናቸው። ሒሩት ድምፄን ሰምታ ከውስጥ ወጣች። «ጥፋተኛ ነኝ» አልኳት። «እነሱ ዋሽተው አስዋሹኝ ማለት እችላለሁ፤ ግን አፌን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ፈተናሽ አምስት ቀን አለው። ከፈቀድሽልኝ በየቀኑ እመጣለሁ።»

በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። «በአማርኛ ነው የሚያስረዱኝ?»

«በፈለግሽው።»

አምስት ቀን ሄድኩ። ለሁለት ወር ያልገባትን ሁሉ አወጣችው፤ አንዳንዱ በአማርኛ የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ ነበር የጎደለው። በየአንዳንዱ ጥያቄ አፈርኩ። ሰኞ ተፈተነች። ሐሙስ ደወለችልኝ፤ «አለፍኩ» አላለችም፣ በፈረንሳይኛ «ሠላሳ አንድ ዓመት አለኝ፣ አዲስ ሥራም አለኝ» አለችኝ።

ከክፍሉ ተማሪዎች ስድስቱ አብረውኝ መማር ፈለጉ። የቀሩት ከቶማስ ጋር ቆዩ፤ እሱ ወደ ላሊበላ ሲሄድ ሌላ ነጭ ተተካ ሲሉ ሰማሁ። አሁንም ያናድደኛል። ቄራ አካባቢ አንድ የስፌት ሥልጠና ክፍል አመሻሽ ላይ ባዶ እንደሚሆን ሒሩት አገኘችልኝ፤ እዚያ ጀመርን።

ጅቡቲ፣ ቤት

ለትምህርት እረፍት በዚያው ባቡር ተመለስኩ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ናጋድ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ታሪኩን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «በአገርሽ እንግዳ አደረጉሽ?»

«እንግዳ ቢያደርጉኝማ ጥሩ ነበር አባዬ» አልኩት። «እንግዳ ያከብራሉ። እኔን ሌላ ሰው ነው ያደረጉኝ፤ እኔም እሺ አልኳቸው።»

«ትመለሻለሽ?» አለች እናቴ።

«እመለሳለሁ።»

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአጭሩ ልናገር። የሰውን ቆዳ ዓይቶ ዕውቀቱን የሚመዝን ሰው በየከተማው አለ፤ ያንን ለብቻዬ አላጠፋውም። ሚዛኑ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን የእኔ ጥፋት ነበር። አሁን ቄራ ያለው ክፍሌ ውስጥ አዲስ ተማሪ ሲመጣ፣ ከሰላምታ በፊት ስሜ ነጅሚያ መሆኑን፣ ከጅቡቲ መምጣቴን፣ አማርኛ መስማቴን እነግረዋለሁ። ፈረንሳይን አይቻት እንደማላውቅም እጨምራለሁ። ከዚያ በሩን ክፍት ትቼ እጠብቃለሁ። እስካሁን የወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው።