እድፍ የመሰለኝ ክብ

እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ። ዱቄት እመዝናለሁ፣ ምድጃ አሞቃለሁ፣ ናሙና እቆርጣለሁ፣ እወለውላለሁ። ለብዙ ተማሪዎች ሠርቻለሁ። የማልረሳው ግን የአንዲቷን ነው።

የማስተርስ ተማሪ ነበረች። አባቷ መሃል ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ጠዋት እዚያ ትሸጥና ከሰዓት ወደ እኛ ትመጣለች። እኔን “ጋሼ” ነበር የምትለኝ። የምታጠናው ሴራሚክ እንደ ስኒ ወይም እንደ ወለል ንጣፍ ያለው አይደለም። ከታይታኒየም፣ ከሲሊከንና ከካርቦን የሚሠራ፣ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ የተደራረበ ነው። የኑክሌር ማመንጫ ውስጥ ያለውን ጨረር ይችለው እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነበር። ለዚህ ደግሞ ቁሱን በአዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አዝለው በከፍተኛ ፍጥነት በሚወረወሩ አተሞች፣ መደብደብ ያስፈልጋል። ድብደባው የቁሱን አተሞች ከየቦታቸው ያፈናቅላል፤ ድርብርቡ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ይህን የሚሠራ ማሽን እኛ ጋ የለም።

ናሙናዎቹን መሥራት ብቻ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን። መብራት በሄደ ቁጥር ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው ይበላሻል፤ ከዱቄቱ እንጀምራለን። በመጨረሻ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ስድስት ግራጫ ቁራጮች ወጡልን። አማካሪዋ፣ ብዙ የማይናገሩ አንድ ዶክተር፣ ውጭ አገር ያሉ ወዳጃቸውን ለምነው ማሽኑ ላይ ተራ አገኙላት። ናሙናዎቹ በፖስታ ሄደው ከአምስት ወር በኋላ ተመለሱ።

ፓኬቱ የደረሰ ዕለት እሷ አልነበረችም፤ አባቷ ታመው ሆስፒታል ታስታምም ነበር። ናሙናዎቹ በማግስቱ ለምርመራ አዲስ አበባ መላክ ስለነበረባቸው ከፍቼ አየኋቸው። እያንዳንዳቸው ፊት ላይ ጠቆር ያለ ክብ አለ። ማጣበቂያ የነካቸው መሰለኝ። ቆሽሸው ከሚሄዱ ብዬ ፊታቸውን በሚፍቀው ማለስለሻ ማሽን አንድ በአንድ ወለወልኳቸው። እንደ መስታወት አበሩ፤ ደስ አለኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ምንም ጉዳት አላሳየም።

“ጋሼ፣ አንድም ስንጥቅ የለውም” አለችኝ፣ ወረቀቱን እንደያዘች። ያን ቀን ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ውጤቱን ውጭ አገር ለዶክትሬት ባዘጋጀችው ማመልከቻ ውስጥ አስገባችው።

ዶክተሩ ግን አላመኑም። አንድ ከሰዓት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

“አዮን ጠልቆ አይገባም” አሉኝ። “ቢገባ የፀጉር ውፍረት መቶኛ ያህል ነው። ጉዳቱ ያለው እዚያ ስስ ፊት ላይ ብቻ ነው። የተመታው ቦታ መጥቆርም ነበረበት። ሲመጡ ጠቁረው አላየህም?”

“አላየሁም” አልኩ።

ሦስት ሳምንት ይህንን ውሸት ይዤ ዋልኩ፣ አደርኩ። እሷ በበኩሏ ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ጠይቃ ወደ ውጭ ጻፈች። መልሱ የመጣ ዕለት ቤተ ሙከራ ገብታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ናሙናዎቹ ተደብድበው ወደ እኛ ከመላካቸው በፊት እዚያ የተነሱት ፎቶ ነበር፤ ስድስት ቁራጭ፣ ስድስት ጥቁር ክብ።

“ጋሼ፣ ይሄ ክብ የት ሄደ?”

“ወለወልኩት። እድፍ መስሎኝ ነው።”

“መቼ?”

“የመጡ ዕለት።”

“እና እስከ ዛሬ ዝም አሉ?”

ስልኳን መለስኩላት።

“ደውለው ቢጠይቁኝ ኖሮ…” አለችና ሳትጨርስ ተወችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ማሽኑ ላይ ሌላ ተራ አልተገኘም። ስለ ቁሱ አሠራር ብቻ ጽፋ ተመረቀች። የዶክትሬት ማመልከቻዋን ራሷ ሰረዘችው። ዶክተሩ አልከሰሱኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ናሙና የሚቆልፉት ራሳቸው ናቸው።

ባለፈው ክረምት ዝናብ እየዘነበ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ አባቷ አይተውኝ ጠሩኝ። ከህመማቸው ተነስተዋል፤ ከስተዋል ግን። ወንበር ሳቡልኝ። እሷ ከባንኮኒው ጀርባ ለደንበኛ ሽቦ እየለካች ነበር።

“ልጄን ያን ሁሉ ጊዜ አግዘሃታል፤ ሁሌ ታወራኝ ነበር” አሉ እጄን ይዘው። “አላህ እንደ ሥራህ ይክፈልህ።”

እንዳልነገረቻቸው ያኔ ገባኝ። ወደ እሷ አየሁ፤ ሽቦውን ቆርጣ መጠቅለል ጀምራለች።

“አባ፣ ሻይ ልዘዝላቸው?” አለች፣ ቀና ሳትል።

“ልሂድ፣ እቸኩላለሁ” አልኩ። አባትየው ዝናቡ እስኪያባራ እንድቆይ ለመኑኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ ባጃጅ እስካገኝ ድረስ በዝናቡ ሄድኩ።