የማስተር ኢህቲሻም ብቸኛ ተማሪ

ናዚማባድ በሚባለው ሰፈር ማስተር ኢህቲሻምን የማያውቅ የለም፤ አውቆም ሲያየው መንገድ የማይቀይር የለም። ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት የኡርዱ ሰዋስው ያስተማረ ሰው ነው። ያስተማረ ይባል እንጂ፣ ተማሪዎቹ ከእሱ የቀራቸው ነገር ቢኖር በጣቶቻቸው መሃል እርሳስ አስገብቶ ሲጨምቃቸው የነበረው ሕመም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚሻገር ግስና የማይሻገር ግስ። ድርጊቱ ሌላ ነገር ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያለፈ ነገር ሲነገር አድራጊው «ኔ» የምትባል ጭራ ያስከትላል፤ ድርጊቱ እዚያው አድራጊው ላይ የሚቀር ከሆነ ጭራዋም ትቀራለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውዬው ግን በዚህች ጭራ ላይ ተቀምጦ ዓለምን ሲንቅ ኖረ። የሚስቱ ወንድም የሞተ ዕለት ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት «ኔ»ን ያለቦታዋ ቢሰነቅራት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ አርሞታል። ሚስቱን ሙኒባንማ ገና በሠርጋቸው ማግስት ነው ማረም የጀመረው። የዚያን ቀን ምን ብላ እንደተሳሳተች ረስታዋለች፤ ሲያርማት ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ግን አልረሳችም።

የቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ማስተር «ተንጠባጠበ» የማይሻገር ግስ መሆኑን ለሙኒባ አስረድቷታል። ቧንቧውን ግን አልነካውም።

ጡረታ ሲወጣ በሩ ላይ «የኡርዱ ሰዋስው እናስተምራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። «እናስተምራለን» ያለው ማንን ጨምሮ እንደሆነ ሙኒባ እስከ ዛሬ አልገባትም። የሰፈሩ ልጆች እንደሆነ እንግሊዝኛና ሂሳብ ለመማር በሰሌዳው ሥር ያልፋሉ እንጂ አንድም የሚያንኳኳ አልተገኘም።

በመጨረሻ አንድ ሰው አንኳኳ፤ የመጣው ግን ለሰዋስው አልነበረም። ቻውድሪ ቡታ ይባላል፤ ከከተማው ዳር ላንዲ ውስጥ በረት ያለው፣ የጎሽ ወተት የሚያከፋፍል፣ ኡርዱ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ፑንጃቢ ነው። ከሚስቱ ጋር ሆኖ ሩማናን ለልጁ ለያሲር ሊጠይቅ መጣ። ሩማና የማስተርና የሙኒባ አንድ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ከዚያ በፊት የመጡትን ጠያቂዎች አባቷ አነጋገራቸውን እየነቀፈ አባሯቸዋል። ያሲርን ግን በምትሠራበት ፋርማሲ ታውቀዋለች፤ «እማ፣ ይሄን እንኳ እንዳያባርርብኝ» ብላ እናቷን ለምናለች። ለሙኒባ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልጋትም ነበር።

ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። ቻውድሪ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ዛሬ ወደ ቤትዎ የመጣሁት» ብሎ ሲጀምር «ኔ»ን የማትገባበት ቦታ ሰነቀራት።

«ቆይ» አለ ማስተር፣ እጁን አንስቶ። «‹መጣ› የማይሻገር ግስ ነው። ‹ኔ› እዚያ ምን ትሠራለች?»

ሙኒባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የቻውድሪ ሚስት ወደ አፏ ያደረሰችውን ሳምቡሳ ሳህኗ ላይ መለሰችው። ቻውድሪ ግን ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ «እኛ ከጎሽ ጋር ያደግን ሰዎች ነን፣ ማስተር ሳሂብ። እርስዎ ያስተምሩኝ። አርብ አርብ እመጣለሁ» አለ።

ማስተር እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። የተጠየቀው ስለ ልጁ መሆኑን እዚያው ረሳው።

ከዚያ በኋላ ቻውድሪ አርብ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ አንድ ትልቅ የወተት ጣሳ ይዞ ይመጣል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ለሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ ያን ሁሉ ገላውን ያሳርፋል። መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም ሁለቱም በላብ ይጠመቃሉ። ማስተር አያቆምም።

«‹ተሰበረ›?»

«የማይሻገር።»

«‹ሰበረ›ስ?»

«የሚሻገር። ቆይ ማስተር ሳሂብ፣ ይሄን ነገር በእኔ ሥራ ልየው። ጎሿ ታለበች፤ አንድ። ጎሿን አለብኳት፤ ሁለት። ጎሿን በሰው አሳለብኳት፤ ሦስት። ሦስተኛው ግስ ይሻላል፤ እጅ አያሳምምም።»

ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው ሙኒባ ሳቋን ዋጠች። «በረት ውስጥ አይደለንም» አለ ማስተር፣ ፊቱን አኮማትሮ። ቻውድሪ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታ ሲጠይቅም «ኔ»ን እንደ ጨው ነሰነሳት። ሰውዬው ምንም እየገባው እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ለአስተማሪው ብቻ ተሰወረበት።

የሴት ወገን ቶሎ እሺ አይልም። የወንድ ወገን ጫማው እስኪያልቅ ደጅ ካልጠና ልጅቷ የረከሰች ትመስላለች። ሙኒባም ለዚህ ብላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ታገሠች። ግን የማንጎ ወቅት ገብቶ አለቀ፤ መልስ የለም። ሩማና በየአርቡ ከሥራ ስትመለስ የእናቷን ፊት ታያለች፤ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ከዚያ ሙሃረም ተቃረበ። በዚያ ወር ስለ ሠርግ የሚያነሳ የለም። የቻውድሪ ሚስት ለሙኒባ ስልክ ደወለችና ቁርጡን ነገረቻት።

«እህቴ፣ ሙሃረም ሳይገባ ቃላችሁን ካላገኘሁ ጉጅራንዋላ ያለችውን የወንድሜን ልጅ ለያሲር እጠይቃለሁ። ባሌንስ እናንተ ቤት ምን እያደረጋችሁት ነው? በእንቅልፍ ልቡ ‹የሚሻገር፣ የማይሻገር› እያለ ይቃዣል።»

ሙኒባ ያን ዕለት ራት አቀረበችና ባሏ ፊት ቆመች።

«መልሱን መቼ ነው የሚሰጡት?»

«ይታሰብበታል።»

«ልጁ ምን ጎደለው?»

«ምንም። ጨዋ ልጅ ነው።»

«ታዲያ?»

ማስተር ቂጣውን ከወጡ አጥቅሶ በዝግታ አላመጠ። «ዛሬ እሺ ብል ሰውዬው ነገ አማች ነው። አማች ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አይማርም። ገና ግማሹን እንኳ አላስተማርኩትም።»

ሙኒባ አፈጠጠችበት። ሰነፍ ነው ስትል ኖራለች፤ ጉረኛ ነው ስትል ኖራለች። እንዲህ የወረደ ነው ብላ ግን አስባ አታውቅም። አንድ የሚሰማው ጆሮ እንዳያመልጠው ብሎ ልጁን እቤት ሊያስቀራት ነው። ናቀችው። ንቀቱ እንኳ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ከእንግዲህ ልትደብቀው አለመፈለጓ ነው።

«የአባት ነገር» አለ ማስተር፣ ዝም ስትለው የተረታች መስሎት። «ቶሎ አይገባሽም።»

በማግስቱ፣ ቻውድሪ ካመጣው የቀረውን ወተት ጣደችው። እያማሰለች አደረቀችው፤ በስኳር አርግታ በትሪ ላይ ባርፊ የሚሉትን የወተት ጣፋጭ አድርጋ ቆረጠችው። ከሙሃረም በፊት ያለችው የመጨረሻዋ አርብ ስትደርስ፣ ትምህርቱ መሃል ላይ ሻሿን አስተካክላ ትሪውን ይዛ ገባች። ማስተር ጠመኔ እንደያዘ ዞረ።

«ቻውድሪ ወንድሜ» አለች፣ «አፍዎን ይክፈቱ።»

«ሙኒባ፣ እኔ ገና» አለ ማስተር።

ቻውድሪ ግን አፉን ከፍቶ ነበር። ሙኒባ አንድ ቁራጭ አጎረሰችው። ለጠያቂ ጣፋጭ ያጎረሰ ልጁን ሰጥቷል፤ የተጎረሰ ደግሞ አይተፋም። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያን ዕለት ከሥራ የቀረችው ሩማና የያዘችውን ትንፋሽ ስትለቀው ተሰማ።

ቻውድሪ እያላመጠ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አልሃምዱሊላህ» አለ። «ስለዚህ ፈተናውን አለፍኩ?»

«የምን ፈተና?» አለ ማስተር። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ። «ገና ‹አሳለበ› ላይ ነን። አርብ እንቀጥላለን።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ማስተር ሳሂብ። አንድም ነገር አልገባኝም። የሴት አባት አይደሉ? ደጅ ማስጠናት መብትዎ ነው። ሌላው ጫማ ያስጨርሳል፤ እርስዎ ሰዋስው መረጡ፤ እሺ አልኩ። ባልዲ ይዘህ ቁም ቢሉኝም እቆም ነበር። የተቀመጥኩት ለልጄ ነው። እንግዲህ አርብ አርብ ወደ ጎሾቼ ልመለስ።»

ማስተርን አቅፎ ሳመው፤ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

በሚቀጥለው አርብ ማስተር ጥቁር ሰሌዳውን ጠርጎ፣ ያችን ወንበር አስተካክሎ ጠበቀ። ወተቱን አንድ የበረት ሠራተኛ አድርሶ ተመለሰ። ቻውድሪ አልመጣም። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሙኒባ ባለሙያ ጠርታ ስላሠራችው ቧንቧው እንኳ አይንጠባጠብም።

«አንቺ ነይ» አለ ማስተር በመጨረሻ። «ቁጭ በይ፤ ካቆምንበት ልቀጥልልሽ።»

ሙኒባ የወተቱን ጣሳ አንስታ ከዚያች ወንበር አጠገብ ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

«ቻውድሪ የተቀመጠው ለልጁ ሲል ነው» አለችው። «እኔም እስካሁን የተቀመጥኩት ለልጄ ስል ነው። ሩማና ልትሄድ ነው።»

ወተቱን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ማስተር ጠመኔውን እንደያዘ በተናገረችው ውስጥ የሚታረም ስህተት ፈለገ፤ አላገኘም።