ባለቤት ያልተገኘለት ውጤት

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ነው። አልረሳውም ስል አልቅሼበት አይደለም። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም፤ የማልረሳውም ለዚያ ይመስለኛል።

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የካርድ ክፍሉና የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች በተለያየ ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ የመጡ ስለሆኑ አንዱ የላከውን ሌላው አያነበውም ነበር። መሃል ገብቶ የሚያገናኛቸውን ሶፍትዌር የጫንኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ውጤቱን ከካርዱ ጋር የሚያገጣጥመው በስም ከነአያት ነው። ሥራው ሲሰምር ወረቀት ይዞ መሯሯጥ ቀረ። እኔም ትንሽ ተኮፈስኩ፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነኝ።

ካርድ ያልተገኘለትን ውጤት ሶፍትዌሩ ለብቻው ያስቀምጠዋል። አብዛኛው በስህተት ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ነበር። ዓርብ ዓርብ እከፍትና ላይ ላዩን አይቼ አጠፋዋለሁ። ላቦራቶሪውን ጠይቄ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ከሮብ ገበያ መጣች። ካርድ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የኔአለም ታከለ ብዬ። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶላት ተመለሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች።

"ልጄ፣ ያ ነገር መጣ?"

የኔአለም ብዬ ፈለግሁ። የለም። "ገና ነው እማዬ" አልኳት። በሌላው ሳምንትም ደወለች፤ ያንኑ መለስኩላት። ከዚያ ሥራ አላስፈታውም ብላ ነው መሰለኝ መደወሉን ተወችው።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ራሷ መጣች። እብጠቱ ብብቷ ደርሷል። አጠገቤ ተቀምጣ ስፈልግ ታየኛለች።

"እስቲ ጥሩወርቅ ብለህ ፈልግ" አለችኝ።

"ጥሩወርቅ ማን ናት?"

"እኔ ነኛ! የአባቴ ቤት ስሜ ነው። የኔአለም ያሉኝ አያትህ ናቸው፣ ሙሽራ ሆኜ ስገባ። ናሙና የወሰደችው ልጅ መታወቂያ ስትለኝ አዲሱን ሰጠኋት፤ እሱ ላይ ጥሩወርቅ ነው ያለው።"

አማት ለሙሽራ ስም እንደምታወጣ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። እናቴ ግን ከመርጡለ ማርያም ተድራ የመጣች ናት፤ ዘመዶቿን ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። እኛ ቤት በዚያ ስም የጠራት ሰው አልነበረም።

የጠፉ ውጤቶች ዝርዝር ውስጥ አገኘኋት። ጥሩወርቅ ታከለ። "ያጠፋው" በሚለው ትይዩ የእኔ ስም ተጽፏል። የላቦራቶሪው ሠራተኞች ከራሳቸው ኮምፒውተር እንደገና አትመው ሰጡኝ። ካንሰር ነበር።

ሐኪሙን "ያኔ ቢታይ ኖሮስ?" አልኩት። "አሁን ስላለው እንነጋገር" አለኝ።

ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ለእናቴ ነገርኳት። "ምን ታደርግ፣ እኔስ መች ነገርኩህ" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ጥር ላይ አረፈች።

ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እኔ ዞረው "የክርስትና ስማቸው ማን ነው?" አሉኝ። አንድ ልጇ እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። አክስቴ ከኋላዬ "ወለተ ሚካኤል" አለች። ይሄኛውንም አላውቀውም ነበር።

አሁን ሶፍትዌሩ ላይ "ሌላ ስም" የሚል ቦታ ጨምሬያለሁ። ዓርብ ዓርብ ማጥፋት ትቼ ስልክ እደውላለሁ። ባለፈው ሳምንት ከደምበጫ ወዲያ ላሉ አንዲት እናት ደወልኩ። በሁለት ስም ተመዝግበው ውጤታቸው እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ደህና ናቸው፤ ምንም አልተገኘባቸውም። ስነግራቸው እልል አሉ።

"ልጄ፣ እናትህን ያቆይልህ!" አሉኝ።

"አሜን" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምንም አልተሰማኝም። ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።