ትርንጎን ይዤ ወደ ስዊድኑ ቄስ ቤት

ሐሙስ ንጋት፣ ቂርያት ጋት፣ እስራኤል

ጎህ ሲቀድ ደረጃውን ወርጄ በፖስታ ሳጥኖቹ በኩል ወጣሁ። የማታ ፈረቃ የጨረሱ የፋብሪካ ሠራተኞች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያንቀላፋሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ሹራብ፣ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላልና በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ትርንጎ አለ። ትርንጎ ይዘን የምንጸልይበት የዳስ በዓል፣ ሱኮት፣ ካለፈ የሚፈልገው የለም፤ እናቴ ግን ደህናውን መርጣ አስቀምጣው ነበር።

"ይሄን ስጫቸው፤ ያሽትቱት" አለችኝ። "ስሟ ይሄ ነው በያቸው።"

የእናቴ ስም ትርንጎ ነው። ልጅ ሳለች ጎንደር ገጠር በአንድ የስዊድን ቄስ ቤት ሕፃን ታዝል ነበር። ከበዓላቱ በፊት የአጎቴ ልጅ ስልኳ ላይ የዚያን ቄስ ቤተ ክርስቲያን ገጽ ስታይ የእናቴን ፎቶ አገኘች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ "ማርታ" ይላል። ወሬው ሰፈራችንን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ምኩራብ ውስጥ ሴቶቹ፣ አይሁድ ሆና ክርስትና የተነሣች ይመስል፣ "ወይዘሮ ማርታ፣ ጸበል አላመጡልንም?" እያሉ ይስቁባታል። እናቴ ከዚያ ወዲህ በሰንበት ከቤት አትወጣም። ማርታ የሚለው ስም ከዚያ ግድግዳ ካልተነሣ አልወጣም ብላለች። ቄሱ ስንደውልላቸው "ኑ፣ ቤታችን ቤታችሁ ነው" አሉ። የእናቴ ጉልበት መንገድ አይችልም። ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራው እኔ ተላክሁ።

ወደ ባቡር ጣቢያ የወሰደኝ ባለታክሲ የአገራችን ሰው ነው።

"ወዴት ነው እህቴ፣ በዚህ ጠዋት?"

"ቄስ ዘንድ።"

"የእኛው ቄስ ከሆኑ እዚሁ ካርሜ ጋት ሰፈር ልጃቸው ቤት ናቸው። በእግርሽ ትደርሻለሽ።"

"የስዊድን ቄስ ዘንድ ነኝ።"

በመስታወቱ አየኝ። "የኛዎቹ አልቀው ነው?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

አየር ማረፊያው ላይ ፈታሿ ፎጣውን ፈትታ ትርንጎውን በዕብራይስጥ ስሙ ጠራችው። "ኤትሮግ? በዓሉ አለፈ እኮ!"

"እናቴ ናት" አልኳት። ፎጣውን ጠቅልላ መለሰችልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ስዊድን ገጠር

ከአውሮፕላኑ በኋላ ባቡር፣ ከባቡሩ በኋላ አውቶቡስ። ጫካ፣ ጭጋግ፣ ነጭ መስኮት ያላቸው ቀይ የእንጨት ቤቶች፣ ደግሞ ጫካ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን፤ ማንም ከማንም አጠገብ አልተቀመጠም። ጣቢያው ላይ ለሻይና ለዳቦ የከፈልኩት ብር በእኛ ሰፈር ሁለት ሰው ምሳ ያበላል።

ቄስ ኤሪክ ከዘራ ተደግፈው ቆመው ጠበቁኝ።

"እንዴት ሰነበትሽ ልጄ! መንገዱ እንዴት አደረገሽ?"

የጎንደር አማርኛ፣ ያውም የባላገር። ደነገጥኩ።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ጡረታ ቢወጡም ሌላ ቄስ ስላልተገኘ ዛሬም የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው። እንጨት ይፈልጣሉ፣ የመቃብሩን በረዶ ይጠርጋሉ። ባለቤታቸው ኢንግሪድ ኦርጋን ትመታለች። እሑድ የሚመጡት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባልና ሚስቱ ግን ለእነዚያም ወንበሩን ሁሉ ይወለውላሉ። እናቴ ያዘለቻት ልጃቸው ሊና አድጋ አስተማሪ ሆናለች፤ እኔን ልታይ መጥታለች። ደግ ሰዎች ናቸው። ደግነታቸውን እያየሁ መናደድ ከበደኝ።

እራት ላይ ሥጋ ቀረበ። እኔ ድንችና እንቁላሌን በላሁ። ኢንግሪድ ፊቷ ሲጠቁር ቄሱ እየሳቁ በአማርኛ አወሩኝ። "ማርታም እንዲሁ ነበረች። እኛ ያረድነውን ሥጋ በጭራሽ አትነካም ነበር።"

ሹካዬን አስቀመጥኩ። አይሁድ መሆኗን ያውቁ ኖሯል!

ዓርብ ከሰዓት

ሦስቱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወስደው ፎቶውን አሳዩኝ። እናቴ በባዶ እግሯ ቆማ ነጭ ሕፃን አዝላለች። ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ ሊናና ማርታ። የሕፃኗ ስም የራሷ ነው። ያዘለቻት ግን ሌላ ስም ተሰጥቷታል።

"ለምን ማርታ አሏት?" አልኩ።

"ስሟ ለአፋችን ከበደን፣ ልጄ። በፍቅር ነው።"

"ሥጋችሁን ለምን እንደማትበላ ያውቁ ነበር። ስሟንስ እንደማትጥል አላወቁም?"

ከዘራቸውን አዩ። "አሁን ለመቀየር የሰበካ ጉባኤው መነጋገር አለበት። በፀደይ ይሰበሰባል።"

"የእናቴን ስም ጉባኤ ነው የሚያወጣላት? ሲቀሟትስ ማን ተሰብስቦ ነበር?"

በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ትርንጎውን ከፎጣው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ሊና አነሣችው፣ አሸተተችው። በጣቷ እየጠቆመች ምንድን ነው በሚል ዓይን አየችኝ።

"ትርንጎ" አልኳት።

"ቲንጎ" አለች።

ቀስ ብላ ደገመችው፦ "ቲንጎ።" ኢንግሪድ አፏን በእጇ ያዘች። እናትና ልጅ በቋንቋቸው ተነጋገሩ፤ ቄሱ ተረጎሙልኝ።

"አገራችን ከተመለስን በኋላ ሊና ማታ ማታ ቲንጎ፣ ቲንጎ እያለች ታለቅስ ነበር። የጠፋባት አሻንጉሊት መስሎን..."

"ለሕፃን አፍ አልከበደም" አልኩ።

ሊና ጉባኤ አልጠበቀችም። ፎቶውን አወረደችና ወረቀቱን ላጠችው። ፀሐይ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ናት፤ ሰንበት ከገባ እኔ አልጽፍም። ፈጥኜ አራቱን ፊደላት ጻፍኩላት፣ እሷም በሌላ ወረቀት ቀዳቻቸው። "ጎ" ትንሽ ጎበጠባት፤ ከፎቶው ሥር ለጥፋ መልሳ ስትሰቅለው በስልኬ አነሣሁት። ቄሱ አልከለከሉም፣ አልረዱም። ትርንጎውን ይዘው ያሸታሉ።

ይቅርታ አላሉም። እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ "ሰላም በይልኝ፣ ማ..." ብለው ዋጡት።

እሑድ ማታ፣ ቂርያት ጋት

እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። ስልኬ ላይ ፎቶውን ከፍቼ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ፊደሎቹን በጣቷ ነካቻቸው።

"ምን ይላል?"

"ትርንጎ ይላል። ሊና ናት የጻፈችው።"

"ያቺ አልቃሻ?" ብላ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አደረገች። "ነይ፣ እንውረድ።"

"ጉልበትሽስ?"

"ነይ አልኩሽ።"

ደረጃውን ደግፌያት ወረድን። የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። በእኛ ሳጥን ላይ በዕብራይስጥ "ኦርና" ይላል። እስራኤል በገባን ሳምንት አንዲት የመቀበያ ጣቢያ ጸሐፊ "ይሄ ይቀላል" ብላ ለእናቴ ያወጣችላት ስም ነው። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ።

"ስዊድን ድረስ ሄደሽ ነጩን ቄስ ተቆጣሽልኝ፤ ተባረኪ" አለች እናቴ። "ይሄኛው ግን ደረጃው ሥር ነው።"

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ወረቀቱን በቁልፌ መፋቅ ጀመርኩ።